ከቡሌ በላይ ያለው ኮሶ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ መምህርት ነኝ ብዬ ማለፍ ለምጃለሁ። ምን ታስተምሪያለሽ ካሉኝ ባዮሎጂ እላለሁ። ከዚያም አልፎ የሚጠይቀኝ ሰው ከመጣ ግን እውነቱን መናገር ግድ ይሆንብኛል፦ ዛፍና ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን፣ ሰው ሲያዳልጠው ብቻ የሚያስታውሰውን አረንጓዴ ነገር ነው የማጠናው። ትምህርት ቤት ሞስ እንለዋለን። ሊቨርዎርት የሚባል ዘመድም አለው፤ እሱ ደግሞ ቅጠሉ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ እርጥበት ሲያጣ ቶሎ የሚሞት ቅምጥል ነው። አማርኛችን ለሁለቱም የረጋ ስም አላወጣላቸውም። አንዳንዱ ሰው የዛፍ ሽበት ይላቸዋል፤ ሽበቱ ግን ሌላ ነው፣ ከቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠለው ግራጫው ነው። ዲላ ያሉት ባልደረቦቼ ነገሩን አቅልለው «የሻጋታ ዶክተር» ብለው ሰይመውኛል። እናቴ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሆና ጎረቤት ሲጠይቃት «ዶክተር ናት» ትልና ቶሎ ወሬ ትቀይራለች። በሽተኛ ይዘውባት እንዳይመጡ ትፈራለች።

ዲላ የመጣሁት ዩኒቨርሲቲው ስለቀጠረኝ ነው። የቀረሁት ግን በዳገቱ ምክንያት ነው። የጌዴኦ ደጋ ጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው፤ እሳቱ ከጠፋ ዘመን የለውም፣ ከዲላ ተነስቶ ቡሌን አልፎ እስከ ጫፉ ድረስ ግን ዳገቱ አንድ ወጥ መሰላል ሆኖ ቀርቷል። ለእኔ ቢጤ ሰው ይህ መታደል ነው። ጠዋት ከታች ተነስቼ ከሰዓት በፊት ጫፍ ላይ እደርሳለሁ፤ በመንገዴ ላይ የአየሩ ጠባይ ሦስት አራት ጊዜ ይለዋወጣል፣ ከእሱም ጋር ግንድ ላይ ያሉት ፍጥረቶቼ ይለዋወጣሉ።

ታች ዲላ ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው፣ የመጡትም ችግር ለምደው ነው። አጥር ግንብ ላይ፣ ባጃጆች በሚቆሙበት አሮጌ ሲሚንቶ ጥላ በኩል ይበቅላሉ። ፀሐይ ሲመታቸው ተኮማትረው የሞቱ ይመስላሉ፤ ዝናብ ሲነካቸው ወዲያው ይዘረጋሉ። ሊቨርዎርት ያማረው ሰው ቦይ ውስጥ ማጎንበስ አለበት። ወደ ይርጋጨፌ በኩል ወጣ ብሎ ኢዲዶ ላይ ያለውን የቡና መሬት ያየ ደግሞ ለጥላ የተተዉት ብርብራና ዋንዛ አረንጓዴ ሹራብ ለብሰው ያገኛቸዋል። ከዚያ በላይ ቡናው እየቀረ እንሰቱ እየበዛ ይሄዳል፤ ቀርከሃው ሲጀምር ጉም ይቀበላል። ዓይነታቸው የሚበዛው እዚያ ጉሙ ውስጥ ነው። አንድ ግንድ ላይ ብቻ ዲላ ከተማን ሙሉ ዞሬ ከማገኘው የሚበልጥ ዓይነት ተደራርቦ አገኛለሁ፤ ሊቨርዎርቱ በሞሱ ላይ፣ ሞሱ በሊቨርዎርቱ ላይ ይተኛል። ከጉሙ በላይ ደግሞ መልሶ ይሳሳል፤ ብርድና ነፋስ፣ ገብስና ባህር ዛፍ ነው ያለው። ባህር ዛፍ ልጣጩን በየጊዜው እየጣለ ማንንም አያሳድርም። ቤቱን በየወሩ አፍርሶ እንደሚሠራ ሰው ነው፣ ማን ይጠጋዋል?

ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው። «ሚስ፣ ፋይናል ላይ ይመጣል?» ይሉኛል። አይመጣም ካልኳቸው እስክሪብቶውን ያስቀምጡታል። አልፈርድባቸውም፤ ከእነሱ በፊት የመጡት ተመርቀው ሥራ ፍለጋ ሲንከራተቱ ያያሉ።

ይህን ዳገት እንዴት እንደማይ ያስተማሩኝ አሁን ጡረታ የወጡ፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ መምህሬ ናቸው። ወጣት ሳሉ ጌዴኦን በእግራቸው አካለዋል። በዚያን ጊዜ ከቡሌ በላይ ባሉት ኮሶዎች ግንድ ላይ አንዲት ሊቨርዎርት አገኙ። ስሟ ላቲን ነው፣ ለማንም ስለማይጠቅም ልተወው። ስትደርቅ ቡናማ እድፍ ነው የምትመስለው፤ ረጥባ በሌንስ ላያት ግን ቅጠሎቿ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ወርቅማ ብርሃን ያሳልፋሉ። መምህሬ ሌላው ሰው ስለ መጀመሪያ ፍቅሩ የሚያወራውን ያህል ስለ እሷ ያወራሉ። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ «ቡሌ ያለችውን ውሽማህን ሰላም በልልኝ» እያሉ ያሾፉባቸው እንደነበር ነግረውኛል።

እኔ ስደርስ ያቺ ሊቨርዎርት ከታችኞቹ ኮሶዎች ላይ ጠፍታ ነበር። ጉሙ ድሮ እስከ ረፋድ ተኝቶ ይውል እንደነበር ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፤ አሁን እግር ጥሎት እንደመጣ መንገደኛ ለአፍታ ይቆምና ወደ ላይ ይሄዳል። እሱ ሲሄድ እርጥበት የሚወዱት ሁሉ ተከትለውት ይወጣሉ። ታች ይሞታሉ፣ ላይ ደግሞ ከቀናቸው ይበቅላሉ። ችግሩ ተራራ ማለቁ ነው። በዚያ ላይ ኮሶው እየተቆረጠ በቦታው ባህር ዛፍ ይተከላል። በየዓመቱ በሄድኩ ቁጥር የምታድርበት ዛፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቆይቶ መጨረሻ ላይ አንድ ኮሶ ብቻ ቀረ። እሱም የቀረው ድሮ ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው ሰው ያስታርቁበት ስለነበር፣ ባለቤቱ መጥረቢያ ሊያነሳበት ስላልደፈረ ነው። ከዚያ ወስጄ ሌላ ዛፍ ላይ ለማላመድ ሞክሬአለሁ፤ ውሃ ወቀጣ ሆኖ ቀረ።

የዛፉ ባለቤት በዕድሜ ከአባቴ የሚበልጥ ገበሬ ነው። እንግዳ ወዳድ ነው፣ ሳቁ ቅርብ ነው። አማርኛውን ገበያ ላይ ነው የተማረው፤ እኔን አንዴ አንተ አንዴ አንቺ ይለኛል፣ እኔም ለምጄዋለሁ። በየጊዜው እየመጣሁ ዛፉን አቅፌ የማየውን ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። የተማረ ሰው የዛፍ ፍቅር ይዞታል ብሎ የደመደመ ይመስለኛል።

ያለፈው ክረምት ሲወጣ መምህሬ ደወሉልኝ። ግላኮማ ይዟቸው አንደኛው ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሁለተኛውም እየሄደ ነው፣ የሄደው እንደማይመለስ ሐኪም በግልጽ ነግሯቸዋል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አሉኝ። «ደረቋ በየሣጥኑ አለችኝ። ሕይወት ያላትን፣ እርጥቧን አንዴ ልያትና ከዚያ ይጨልም።»

ይምጡ ብቻ አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ብዙ አለቀስኩ።

በማግስቱ ለገበሬው ደወልኩ። ታላቅ ሰው ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው፣ አስተማሪዬ ናቸው፣ እንደ አባቴ ናቸው አልኩት። ቤቱን አውቀዋለሁ፤ በግ እንዳያርድብኝ ሰጋሁ።

«ምንም እንዳይቸገሩ አባቴ» አልኩት። «ምግብም መጠጥም እንዳያስቡ። እንግዳው የሚያየው ኮሶውን ብቻ ነው።»

«ኮሶ ብቻ?»

«ኮሶውን ብቻ።»

«ይሁን። አንተ አትስጋ፣ ቤት የእንግዳ ነው» አለኝ። በጉን አዳንኩት ብዬ ደስ አለኝ።

መምህሬ መጥተው ዲላ አደሩና ጠዋት በኮንትራት ሚኒባስ ወጣን። ከፊት ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ነበር፤ ምን ያህል እንደሚታያቸው አልጠየቅኳቸውም። አሁን የት ደረስን ይላሉ፣ እነግራቸዋለሁ፤ እዚህ ምን ምን መኖር አለበት ብለው ደግሞ ይፈትኑኛል። አንዱን ስስት «ወይ ጉድ፣ ዶክትሬቱን ማን ነው የሰጠሽ?» ይላሉ። እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። ሹፌሩ እንደሚጣሉ አባትና ልጅ በመስታወቱ እያየን ይስቅ ነበር።

እንሰቱ በበዛበት አንድ ቦታ ላይ መኪናውን አስቆሙና መንገድ ዳር ወዳለ ዋንዛ ሄዱ። በደህናው ዓይናቸው ሌንሱን አስጠግተው፣ አፍንጫቸው ግንዱን ሊነካ ደርሶ ብዙ ቆዩ። ግንዱ ላይ የነበረው የትም የሚገኝ ተራ ሞስ ነው።

«ጥርሱ ታየኝ!» አሉ። ጥርስ የሚሉት ሞስ ዘሩን የሚበትንበት ትንሽ ከረጢት አፉ ላይ ያለውን ክፋይ ነው። ለጤነኛ ዓይንም ያስቸግራል። «አየሽ? ገና ነው። ገና አለ።» ልጅ ሆኑ። እኔም በዚያች ሰዓት፣ በሥራዬ ዘመን እምብዛም የማይሰማኝ ነገር ተሰማኝ፤ ደግ ነገር እየሠራሁ ነው አልኩ።

ከቡሌ በላይ መኪናው እስከሚሄድበት ሄደን ወረድን። ወደ ገበሬው ግቢ የሚወስደው ቀጭን መንገድ ተጠርጎ ነበር። ግራና ቀኙ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ኖራ ተቀብቷል፤ ለባለሥልጣን ጉብኝት ሲሆን እንደሚደረገው። ጎረቤቶቹም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ገና አልገባኝም። መምህሬን እጃቸውን ይዤ እየመራሁ ዞር ስል ኮሶውን አየሁት።

ራቁቱን ነበር። ከሥሩ ጀምሮ መሰላል እስከሚደርስበት ድረስ ተፍቆ፣ በውሃ ታጥቦ፣ ቀይ ቡናማ ልጣጩ ወጥቶ ያበራል። አንድም አረንጓዴ ነገር አልቀረበትም። ከዚያ በላይ ያለው ቅርንጫፍ ፀሐይና ነፋስ የሚመታው ነው፣ ያቺ ሊቨርዎርት እዚያ በቅላ አታውቅም።

ገበሬው ሮጦ መጥቶ ተቀበለን። ፊቱ እንደ ሙሽራ አባት ፊት ነበር።

«አየህ ልጄ? አሁን ዛፍ ሆነ! ያ ሁሉ ቆሻሻ፣ ሻጋታ፣ ድሮ ያሳፍር ነበር። ሴቶች ናቸው የፋቁት፣ እንሰት በሚፋቅ ቀርከሃ። ሁለት ቀን ፋቁ። እጃቸው ተላጠ።»

«የተፋቀውስ?» አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። «የት ጣላችሁት?»

«አቃጠልነው! እንግዳ ሲመጣ ቆሻሻ ይታያል እንዴ?»

እንግዳው የሚያየው ኮሶውን ብቻ ነው ብዬዋለሁ። ሰውዬው ቤቱን የሚያጸዳበትን፣ በጉን የሚያርድበትን፣ ጠላውን የሚያቀርብበትን ጉልበት ሁሉ እንግዳው በሚያየው ቦታ ላይ አዋለው። እንዲህ ያለ ስህተት ሊሠራ የሚችለው እንግዳ የሚያከብር ሰው ብቻ ነው። ቢንቀን ኖሮ ሁሉም ነገር በቦታው ይኖር ነበር።

መምህሬ ገና አላወቁም። ገበሬው የሚናገረውን ከጎረቤቶቹ ጫጫታ ለይተው አልሰሙትም፤ ዓይናቸው ሲደክም ጆሯቸውም ደክሟል። «እዚህ ነው?» አሉኝ፣ ሌንሱን ከአንገታቸው እየፈቱ። እጃቸውን ዘርግተው ግንዱን ዳሰሱ። እርጥብ፣ ለስላሳ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነገር የጠበቀው መዳፋቸው ልሙጥ ልጣጭ ላይ አረፈ። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ላይ ተዘረጋ፣ ከዚያ ቆመ። ሌንሱን አላነሱትም። መልሰው አንገታቸው ላይ አጠለቁት።

ሰው ሁሉ ይጠብቅ ነበር። እዚያ አገር ሽማግሌ ከሩቅ መጥቶ ሳይናገር አይሄድም። መምህሬ ወደ እኔ ዞሩ፣ ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። አንደኛዋ ጣቶቿን በጨርቅ ጠቅልላ ነበር፤ እሱን ያዩት ይመስለኛል። ባርኔጣቸውን አወለቁና መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«እጃችሁ ይባረክ» አሉ። «ቤታችሁ እንደዚህ ዛፍ ንጹህ ይሁን። ለእንግዳ የደከማችሁትን እግዚአብሔር በልጆቻችሁ ይክፈላችሁ።»

«አሜን!» አለ ሰው ሁሉ። ገበሬው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እኔ ተናድጄ ነበር። በገበሬው፣ በሴቶቹ፣ በቀርከሃው፣ ከሁሉም በላይ በዚያ ምርቃት ተናድጄ ነበር። ቤት ገብተን ወሳ ቀረበልን፤ ቆጮን እዚያ እንዲህ ይሉታል። በጉም አልዳነም ኖሯል። መምህሬ የቀረበላቸውን በሉ፣ አመሰገኑ፣ ስለ ገብሱና ስለ ዝናቡ ጠየቁ። እኔ አንዱን ጉርሻ ሳላምጥ ቆየሁ። የገበሬው ሚስት «መንገድ ነው ያደከመው ልጅቷን» ብላ ወተት ጨመረችልኝ።

ስንወርድ፣ እንሰቱ አልፎ ቡናው ሲጀምር ታገሥኩ ታገሥኩና ፈነዳሁ።

«ለምን መረቋቸው? ንጹህ ነው ብለው እንዴት…»

«ምን ልበላቸው?» አሉ መምህሬ። «እጃቸው እስኪላጥ ለእኔ ብለው የፋቁ ሴቶች ናቸው። የሠራችሁት ጥፋት ነው ብላቸው የተፋቀችው ትመለሳለች?»

አትመለስም። እሳቸው መስኮቱን እያዩ ነበር፣ ወይም ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር።

«ዓይኔ ቀድሞ ቢሄድ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «እዚያ አለች እያልኩ እኖር ነበር።»

በማግስቱ አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ስንነጋገር ስለ ቡሌ አንስተውልኝ አያውቁም። አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለዩት።

እኔ ግን ሞኝ ነኝ፣ ተስፋ ቶሎ አይለቀኝም። በዚያ ሸንተረር ላይ የጎረቤቶቹ የሆኑ፣ ገና ያልተቆረጡ አሮጌ ዛፎች አሉ። ሁሉንም በደንብ ፈትሻቸው አላውቅም፤ አንዳንዶቹ ቀርከሃ ውስጥ ናቸው፣ መንገድ የላቸውም። ከአንዱ ጥላ ሥር መዳፍ የምታህል ብትተርፍ ይበቃኝ ነበር። እሷ ባትኖርም እንኳ ያ ቦታ ጉሙ የቀረበት የመጨረሻው ቀበቶ ነው፤ ዘመዶቿ ሁሉ እዚያ ናቸው። ዝናብ ሲመለስ ሄጄ እያንዳንዱን ግንድ እፈትሻለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ የሌንሴን መስታወት እንኳ ወልውዬ አስቀመጥኩ።

ዝናቡ ሳይመጣ ገበሬው ደወለልኝ። ሰላምታው እንደ ልማዱ ረጅም ነበር። እናትህ ደህና ነው፣ ተማሪ ደህና ነው፣ ሽማግሌው ደህና ነው አለኝ። ደህና ናቸው አልኩት።

«ሽማግሌው የመረቀን ያዘልን» አለኝ። «ላሜ ወለደች። የልጄ ሚስት ስንት ዓመት ቆይታ አረገዘች። ሰው ሁሉ አየ። አሁን ጎረቤት በሙሉ ዛፉን ፋቀ። እስከ ቀርከሃ ድረስ፣ ውስጥ ያለውም ሁሉ ተፋቀ። ተራራው ሁሉ ንጹህ ሆነ። መቼ ትመጣላችሁ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በጌዴኦ የሽማግሌ ምርቃት የጨዋታ ቃል አይደለም። የተመረቀ ሥራ የሚሠራ ሥራ ነው፤ አንዱ ተመርቆበት ሌላው ካልሠራው በራሱ ላይ በረከት ዘጋ ማለት ነው። ይህን እዚህ አገር ስኖር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ግን ከእኛ ምርቃት ጋር አገናኝቼው አላውቅም። መምህሬ ለአንድ ቤት የተናገሩትን ጨዋነት ሸንተረሩ በሙሉ ተቀብሎ ፈጽሞታል።

«አባቴ፣ እባክዎ ይተዉት። ሌላ ዛፍ አይንኩ» አልኩት።

«ኧረ አንቺ አታስቢ! ድካም የለውም» አለ እየሳቀ። ለእሱ እንግዳ ሁልጊዜ አትቸገሩ ይላል፤ ባለቤት ደግሞ ሁልጊዜ ይቸገራል።

ያኔ እውነቱን ነገርኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ያን ሳቅ ችዬ መስማት አቃተኝ። ሽማግሌው የመጡት ሻጋታ ያሉትን ያንን ነገር ለማየት ነበር አልኩት። ዓይናቸው ሳይጠፋ እሱን ለማየት። ሌላ ቦታ አልነበረም፣ ያ ዛፍ ብቻ ነበር አልኩት። ቀስ ብዬ፣ በቀላል አማርኛ፣ ሁለት ጊዜ ነገርኩት።

ከጀርባው ዶሮ ይጮኻል፣ ሴቶች እየተጠራሩ ይስቃሉ።

«ታዲያ» አለኝ መጨረሻ ላይ፣ ድምፁ አርጅቶ፣ «ያ ሽማግሌ ለምን መረቀኝ?»